«ኮሪደር ነካን»፦ አዲስ ቃል እንዴት ተወልዶ ቋንቋ ውስጥ ይገባል?

በቅርቡ ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። አጠገቤ አንዲት እናት ስልክ እያወሩ ነው። «አይ ልጄ፣ እኛማ ከዚያ ሰፈር ከወጣን ቆየን፤ ኮሪደር ነካን» አሉ። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው «ምን ማለት ነው?» ብሎ የጠየቀ አይመስልም። ታክሲው ውስጥ የነበርነውም ሁላችን ገብቶናል።

የገረመኝ ከወረድኩ በኋላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት «ኮሪደር» ስንል የትምህርት ቤት ወይም የሆስፒታል መተላለፊያ ነበር። «ኮሪደር ላይ ጠብቁ» እንባላለን፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ እንላለን፣ በቃ። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር ቃሉ ከሕንፃ ወጥቶ አስፋልት ዳር ቆመ። አሁን ኮሪደር ሰፊ የእግረኛ መንገድ ነው። የብስክሌት መስመር ነው። የመንገድ መብራት ነው። ለአንዳንዱ ደግሞ ከቤት መነሣት ነው። «ነካን» የሚለው ግስ ሲጨመርበት አንድ ሙሉ የቤተሰብ ታሪክ በሁለት ቃል ይነገራል።

ሐረጉን ያወጣው መሥሪያ ቤት አይደለም። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው «የኮሪደር ልማት» ነው። «ኮሪደር ነካን» የሚለውን የሠራው ሰው ነው፤ ማን እንደጀመረውም አይታወቅም። አብዛኛው አዲስ ቃል የሚወለደው እንዲህ ነው። ነገር ግን ስለዚህ ጉዳይ ስናወራ ብዙ ነገር እናምታታለን። አንዱ «አማርኛ በፈረንጅ ቃል ተበላሸ» ይላል። ሌላው «ለምን የሚመለከተው አካል ቃል አያወጣም?» ይላል። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

«አዲስ ቃል» ሲባል ምን ማለት ነው?

አዲስ ቃል ሲባል ብዙዎቻችን ከዚያ በፊት ተሰምቶ የማያውቅ ድምፅ ይመስለናል። እንዲህ ዓይነቱ ጥቂት ነው። አብዛኛው አዲስ ሥራ የተሰጠው አሮጌ ቃል ነው። ሙሉ ቤት ከመገንባት ግቢ ውስጥ አንድ ሰርቪስ ክፍል መቀጠል ይቀላል። ቋንቋም የሚቀለውን ይመርጣል።

ስልክን እንውሰድ። በዐረብኛ «ስልክ» ሽቦ ማለት ነው። ዕቃው በሽቦው ተጠራ። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ሽቦ የለውም። ቃል በቃል ከተወሰደ «ሽቦ የሌለው ሽቦ» ይዘን ነው የምንዞረው፤ ማንም ግን አይስቅም። «ደወለ» የሚለውም ከደወል የመጣ ነው። ድሮ የሚደወለው የቤተ ክርስቲያን ደወል ነበር። አሁን «ስትደርስ ደውልልኝ» ስንል ደወል በጭራሽ ትዝ አይለንም።

ኢንተርኔት ሲመጣም ያው ሆነ። መርካቶ ውስጥ አህያ ላይ ዕቃ የሚጭንና የሚያወርድ ሰው የሚጠቀምባቸው ግሶች ወደ ስልካችን ገቡ። መተግበሪያ «እንጭናለን»፣ ፊልም «እናወርዳለን»። በየስልክ እንጨቱ «የሚከራይ ቤት» የሚል ወረቀት የሚለጥፍ ደላላና ፌስቡክ ላይ ፎቶ የሚለጥፍ ልጅ አንድ ግስ ይጋራሉ። «ጉርሻ» ከእጅ ወደ አፍ ከሚሰጠው ተነሥቶ ለአስተናጋጅ የሚተው ገንዘብ ሆነ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የአንደኛ ክፍል የሒሳብ ቃል የሆነው «መደመር» ፖለቲካ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ «ተደመረ» ሲባል ቁጥር የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ለዚህ ጽሑፍ አዲስ ቃል የምንለው ሁለት ነገር ነው፦ አዲስ ድምፅ፣ ወይም በአሮጌ ድምፅ ላይ የተጫነ አዲስ ፍች።

ስም ሲመነዘርስ?

የመሐል አዲስ አበባን ልጅ ስለ ቃል አፈጣጠር ለማስተማር መጽሐፍ አያስፈልገውም። የሰፈር ስሞችን መቁጠር በቂ ነው።

«ለገሃር» ፈረንሳይኛ ነው፤ «ላ ጋር»፣ ማለትም ባቡር ጣቢያው። «ባቡር» ራሱ እንግዳ ነው። ፈረንሳዮች እንፋሎትን «ቫፐር» ይሉታል። ቃሉ በዐረቦቹ በኩል ዞሮ «ባቡር» ሆኖ ደረሰን። «ፒያሳ» ጣሊያንኛ ነው፤ አደባባይ። «መርካቶ» ደግሞ ገበያ። ከሁሉ የምወደው ግን ካዛንቺስ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ ተቋም ነበራቸው፤ የስሙ መነሻ ፊደላት ሲገጣጠሙ «ኢንቺስ» ይሆናሉ። «ካዛ» ወይም «ካዜ» ቤት ነው። «የኢንቺስ ቤቶች» ካዛንቺስ ሆነ። እንግዲህ ስንቶች ተወልደው ያደጉበት፣ የተዳሩበት ሰፈር ስሙ የአንድ ቢሮ ምሕጻረ ቃል ነው። ያንን ቢሮ የሚያስታውስ የለም።

አራዳ ደግሞ በተቃራኒው ሄደ። መጀመሪያ ቦታ ነው፤ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረው የድሮው ገበያ። ገበያ ውስጥ ያደገ ሰው አይሸወድም፤ አፉ ይፈታል፣ ዓይኑ ፈጣን ነው። ቦታው የሰው ጠባይ ሆነ። «እሱ እኮ አራዳ ነው» ስንል አድራሻ እየነገርን አይደለም። ጎንደርም ሐዋሳም ተወልዶ አራዳ መሆን ይቻላል።

የንግድ ስምም እንዲህ ይመነዘራል። «ሃይላንድ» የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር። አሁን ማንኛውም የፕላስቲክ ጠርሙስ ሃይላንድ ነው፤ ዘይት ቢቀዳበትም ሃይላንድ ነው። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት በሙሉ «ኦሞ»፣ የወረቀት መሐረብ በሙሉ «ሶፍት»፣ ባለ ሦስት እግሩ ተሽከርካሪ «ባጃጅ»። አሁን ደግሞ «ራይድ» ተጨምሯል። የየትኛውንም ኩባንያ መኪና በስልክ የጠራ ሰው «ራይድ ጠራሁ» ይላል። ለኩባንያ ይህ ደስታም ራስ ምታትም ነው፤ ስሙ በሁሉ ሰው አፍ ይገባል፣ ግን የእሱ ብቻ መሆኑ ያበቃል።

ስለ ታክሲ ካነሣን «ውይይት»ን መዝለል አይቻልም። ከኋላዋ ፊት ለፊት የሚያቀማምጥ አግዳሚ የተገጠመላት አነስተኛ የጭነት መኪና ናት። ተሳፋሪው ሳይወድ በግድ ፊት ለፊት ይተያያል። በደርግ ዘመን ሰው በየቀበሌው የውይይት መድረክ ፊት ለፊት መቀመጥ ለምዶ ነበርና መኪናዋ ስሟን አገኘች። ይህን ስም ኮሚቴ ተሰብስቦ ቢያወጣው ኖሮ «ባለ ሁለት ትይዩ መቀመጫ ተሽከርካሪ» ይሆን ነበር፤ አንድ ሳምንትም አይቆይም።

ቁጥር እንኳ ስም ይሆናል። «ሃያ ሰማንያ ደርሶኛል» ያለ ሰው ስለ ቤት ነው የሚያወራው፤ ሃያ በመቶውን ቀድሞ ከፍሎ የቀረውን በባንክ ብድር። ቤቱ ራሱ «ኮንዶሚኒየም» ነው፤ አፋችን ስለረዘመበት «ኮንዶ» አልነው። ጠዋት ጠዋት ሰፈር ለሰፈር የሚሰማው «ቁራሌው!» ደግሞ «ቆርቆሮ ያለው!» ነበር። በጩኸት ብዛት ተበልቶ ተበልቶ ያ ቀረ። አሁን የሥራው ስም ነው፤ «ቁራሌው መጣ» እንላለን። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ሁለት የታወቁ ቃላት ተጣበቁ፤ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ገባን። ምን እንደሆነ ከስሙ ያስታውቃል፣ አጭር ነው፣ ለአፍም አይከብድም።

የውጭ ቃል ሲገባ ምን ይደርስበታል?

እንደማንኛውም ከውጭ የመጣ ዕቃ ጉምሩክ ያልፋል። («ጉምሩክ» ራሱ ከቱርክኛ የመጣ ቃል ነው።)

የመጀመሪያው ፍተሻ ድምፅ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ አፍ በድሮው ልማዱ ሁለት ተነባቢ ተደርቦ ቃል ሲጀምር አይመቸውም። ስለዚህ «እስፖርት» እና «እስታዲየም» ይላል። «ፖለቲካ»ን ትልልቅ ሰዎች «ቦለቲካ» ወይም «ቦተሊካ» ሲሉት እንሰማለን፤ «ቪዛ»ም «ቢዛ» ይሆናል። ፊደሉም አልቀረም፤ «ቨ» የሚለውን ለውጭ ቃላት ብለን በ«በ» አናት ላይ ሰረዝ አድርገን ሠርተነዋል።

ሁለተኛው ፍተሻ ሰዋስው ነው። ስም ከሆነ ቶሎ ያልፋል። «ኦች» ይለጠፍበታል፤ ሾፌሮች፣ ፋይሎች፣ ባንኮች። «ኛ» ሲጨመርበት ባለሙያ ይሆናል። ጣሊያኖች «ጋዜታ» ይላሉ፤ እኛ ጋዜጣ አልነው፣ ከዚያ ጋዜጠኛ፣ ከዚያ ጋዜጠኝነት። መጥረቢያው የውጭ ሆኖ እጀታው የእኛ ሆነ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ የቅርብ ጊዜ ለውጥ ልብ ብያለሁ። የቲክቶክ ሰው «ቲክቶከኛ» አልተባለም፤ «ቲክቶከር» ነው። የዩቲዩቡም «ዩቲዩበር»። መጥረቢያው ከነእጀታው መምጣት ጀምሯል። ፌስቡክ ላይ ግን «ፌስቡከኛ» የሚል ሰው አሁንም አይጠፋም።

ግስ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። የአማርኛ ግስ የሚሠራው ከተነባቢዎች ሥር ነው። ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ሰባሪ፣ ስብራት፤ ሁሉም ውስጥ ስ፣ ብ፣ ር አሉ። በመሐሉ ያለው አናባቢ ብቻ ይለዋወጣል። ሥሩን እንደ ሊጥ፣ ቅርጹን እንደ ምጣድ አስቡት። እንግሊዝኛው «ላይክ» ግን ደርቆ የመጣ ዳቦ ነው፤ ተመልሶ ሊጥ አይሆንም። ስለዚህ ቋንቋው ብልሃት አለው፤ እንግዳውን ወንበር ላይ ያስቀምጥና «አደረገ» የሚለው ግስ ሥራውን ይሠራለታል። ላይክ አደረገ፣ ሼር አደረገ፣ ብሎክ አደረገች፣ ቻርጅ አድርግልኝ። እንግዳው አይነቃነቅም፤ የሚሮጠው አስተናጋጁ ነው።

አልፎ አልፎ ግን እንግዳው ተነሥቶ ወጥ ቤት ይገባል። «ቦተሊካ» ከተባለ በኋላ ሰው ውስጡን ከፍቶ አራት ተነባቢ አገኘበት፤ ብ፣ ት፣ ል፣ ክ። ልክ እንደ «መሰከረ» አረባው፤ ቦተለከ፣ ይቦተልካል፣ ቦትላኪ። ይህ ቃል ከእንግዲህ ዜግነት ጠይቆ የተከለከለ አይደለም። ቤተሰብ ነው።

ሦስተኛው ፍተሻ ፍች ነው፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው ይህን ነው። ቃሉ ሲገባ የትውልድ ሀገሩን ፍች ይዞ የመቆየት ግዴታ የለበትም። «ሙድ» በእንግሊዝኛ ስሜት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ሙድ ያዘብኝ» ማለት አሾፈብኝ ነው፤ ለንደን ሄዶ ይህን ለማስረዳት መሞከር ነው። «ዲያስፖራ» በሌላው ዓለም የተበተነ ሕዝብ የጋራ ስም ነው። እኛ ዘንድ «አንድ ዲያስፖራ ቤቱን ገዛው» ይባላል፤ አንድ ሰው፣ ምናልባትም የአጎታችን ልጅ። «አሪፍ» በዐረብኛ አዋቂ፣ የሚያውቅ ማለት ነው። እኛ ማኪያቶውንም ጫማውንም አሪፍ እንላለን።

ታዲያ አማርኛ እየተበላሸ ነው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ነው። «ጠረጴዛ» የግሪክ ቃል ነው። «ወንጌል»ም ከግሪክ ነው። «ወረቀት»፣ «ሱቅ» እና «ፎቅ» ከዐረብኛ፣ «ቢሮ» ከፈረንሳይኛ፣ «ፌርማታ» ከጣሊያንኛ። የሕግ ሰዎች የሚጠቀሙበት «ጉዲፈቻ» ከአፋን ኦሮሞ የተወሰደ ነው፤ ባህሉም ቃሉም አብረው መጡ። እነዚህን ቃላት ስንናገር ማናችንም በውጭ ቋንቋ የተናገርን አይመስለንም።

ጋራዥ የገባ ሰው ደግሞ ይበልጥ ያውቀዋል። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፤ መካኒኩ ቀኑን ሙሉ ጣሊያንኛ ሲያወራ ይውላል። ግን «ቡሎኑን ጠበቅ አርገው፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል» ሲል ዓረፍተ ነገሩን አንድ ያደረጉት የአማርኛ ቅጥያዎችና ግሶች ናቸው። ሮማ የመጣ ሰው አጠገቡ ቢቆም ከቃላቱ ጥቂቱን ይለይ ይሆናል፤ ንግግሩን ግን አይገባውም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት ጥሩ ነው። አንዱ መዋስ ነው፤ የጎደለንን ቃል ወስዶ ማላመድ። ሌላው መቀላቀል ነው፤ «አክቹዋሊ እኔ ቤዚካሊ የማስበው» የሚለው ዓይነት። የሁለተኛው ተናጋሪ የጎደለው ቃል የለም፤ «እንደ እውነቱ» ጠፍቶት አይደለም። ስለ ራሱ አንድ ነገር እየነገረን ነው፤ የት እንደተማረ፣ ከማን ጋር እንደሚውል። የሚያናድድ ከሆነም የሚያናድደው ይህ ነው። ከካቻቪቴ ጋር ግን አንድ ላይ ባንወቅሰው ጥሩ ነው።

ቃል የሚያጸድቅ መሥሪያ ቤት የለም እንዴ?

አለ፤ ግን ሥራው ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ ተቋቋመ። በኋላ ሥራው ወደ ሌሎቹ የሀገሪቱ ቋንቋዎች ሰፍቶ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ተባለ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ ስድስት ኪሎ ነው። ተቋሙ የሙያ ቃላትን አጥንቷል፣ ለሳይንስና ለቴክኖሎጂ አቻ ቃላት አውጥቷል፣ በ1993 ዓ.ም. የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳትሟል።

መዝገበ ቃላትን ግን እንደ ወረዳው የልደት ምዝገባ ብናየው ይሻላል። ልጁ ተወልዷል፣ ስም ወጥቶለታል፣ ጎረቤት አቅፎታል፣ ጥርስም አብቅሏል። ትምህርት ቤት ሲጠይቅ ነው ወረዳ ሄደን ሰርተፊኬት የምናወጣው። ሰርተፊኬቱ ያስፈልጋል። ልጁን የወለደው ግን ወረዳው አይደለም። «መዝገበ ቃላት ውስጥ የለም፣ ስለዚህ ቃል አይደለም» የሚል ክርክር ስትሰሙ «ሰርተፊኬት የለውም፣ ስለዚህ አልተወለደም» ከማለት ጋር አስተያዩት።

ይህ ማለት አስቦ የሚወጣ ቃል ሁሉ ይወድቃል ማለት አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ አብዮቱ አንድ ጎርፍ ቃላት ይዞ መጣ። ወዝ አደር፣ ላብ አደር፣ ከበርቴ፣ አድኃሪ፣ ርዕዮተ ዓለም፣ ንቃተ ህሊና። የ«አደር»ን አሠራር ተመልከቱ። ሰው በምን እንደሚያድር፣ ማለትም በምን እንደሚኖር ይናገራል። አርሶ የሚያድር አርሶ አደር፣ አርብቶ የሚያድር አርብቶ አደር፣ በወዙ የሚያድር ወዝ አደር። ሞያ ያለው አሠራር ነው። እነዚህ ቃላት በሬዲዮ፣ በጋዜጣ፣ በየቀበሌው ስብሰባ ቀን ከሌት ተደጋገሙ። ዘመኑ ሲያልፍ ግማሾቹ አብረው አረጁ። ዛሬ ጎረቤቱን «አድኃሪ» ብሎ የሚሰድብ ቢኖር ቀልድ ነው የሚመስለው። «አርሶ አደር» እና «ንቃተ ህሊና» ግን ቀሩ።

«ደርግ» የሚለው ቃል ዕጣ ደግሞ ለብቻው ነው። የግዕዝ ቃል ነው፤ ኮሚቴ፣ ጉባኤ ማለት። ከ1966 ዓ.ም. በፊት ብዙ ሰው አያውቀውም ነበር። ወታደሮቹ ኮሚቴያቸውን በዚህ ስም ሲጠሩ ቃሉ ከመጽሐፍ ወጥቶ አደባባይ ዋለ። ዛሬ «በደርግ ጊዜ» ስንል ስለ ኮሚቴ የሚያስብ አለ? ቃሉ ዘመን ሆኗል፤ ወደ ድሮ ፍቹ የሚመልሰውም ያለ አይመስለኝም።

በሌላው ዓለምም ይህ ትግል አለ። የአይስላንድ ሰዎች የውጭ ቃል መዋስ አይወዱም። ለኮምፒውተር «ቶልቫ» አሉት፤ ከሁለት የድሮ ቃላቸው፣ ከቁጥርና ከሴት ጠንቋይ አጋጥመው። በእኛ «የቁጥር አዋቂ» እንደማለት ነው። ቃሉም ያዘ። ፈረንሳዮች በ1955 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር «ኦርዲናተር» አሉት፤ እሱም ያዘ። ሁለቱም የተሳካላቸው ኮምፒውተር በየቤቱ ሳይገባ ቀድመው ስም ስላወጡለት ይመስለኛል።

ለምን አንዱ ይያዛል፣ ሌላው ይቀራል?

እዚህ ነው ዋናው ነገር። «ይለፍ ቃል»ን እንይ። ለፓስወርድ የወጣ ቃል ነው፤ ሲበዛ ቆንጆ ነው። ዘብ የቆመ ወታደር ምስጢሩን የሚያውቀውን ሰው «ይለፍ» ይለዋል። ፍቹ ልክ ነው፣ ድምፁ አማርኛ ነው። የስልኬን ቋንቋ አማርኛ ሳደርገው «ይለፍ ቃል ያስገቡ» ይለኛል። ግን ካፌ ቁጭ ብዬ አስተናጋጇን «የዋይፋዩ ይለፍ ቃል ስንት ነው?» ብላት ዜና አንባቢ ነው የምመስላት። «ፓስወርዱ ስንት ነው?» ነው የሚባለው።

ቃሉ ምን አጠፋ? ዘገየ፣ ሌላ ጥፋት የለበትም። ዕቃው ከነስሙ ቀድሞ ገባ። ሰው ፓስወርድ ማለትን የተማረው ፓስወርድ ባስፈለገው ቀን ነው። አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው ማስነሣት ባዶ ወንበር ከመያዝ ይከብዳል። «ድረ ገጽ» የተሻለ ዕድል ገጠመው። ዜና አንባቢዎችና ጋዜጦች ቶሎ ያዙት፤ በጽሑፍ ቦታውን አገኘ፣ በንግግር ግን ከ«ዌብሳይት» ጋር ወንበር ይጋራል። እንዲህ የጽሑፍና የአፍ ተብለው የተከፋፈሉ ጥንዶች ብዙ ናቸው። ዐውደ ርዕይና ኤግዚቢሽን፣ ተንቀሳቃሽ ስልክና ሞባይል፣ ምጣኔ ሀብትና ኢኮኖሚ።

ርዝመትም ይፈርዳል። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ሀገራችን ውስጥ ሲገኝ «የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ» የሚል ቃል በየማስታወቂያው ወጣ። ፍቹ ግልጽ ነው፣ ማንም አይሳሳትበትም። ግን ታክሲ ረዳት በር ላይ ቆሞ «የአፍና አፍንጫ መሸፈኛችሁን አድርጉ!» ብሎ እስኪጨርስ ታክሲው ሞልቶ ይሄዳል። «ማስክ! ማስክ!» አለ፣ አበቃ። በዚያው ሰሞን የወጣው «ለይቶ ማቆያ» ግን ተያዘ። አጭር ነው፣ ቦታውን ከነሥራው ይናገራል። «ለይቶ ማቆያ ገባ» ለማለትም ይመቻል።

የአራዳ ቋንቋ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። የዚያ ዓይነት ቃል ሥራው አንዱ ሲገባው ሌላው እንዳይገባው ማድረግ ነው። ስለዚህ ቶሎ ይሞታል። እናታችን «ላሽ በል» ማለት የጀመሩ ቀን ልጆቹ ሌላ ቃል ይፈልጋሉ። የሚተርፉት ከምስጢርነት አልፈው ሌላ ጥቅም የተገኘባቸው ናቸው። «ፋራ»፣ «ሸወደ» እና «ነቄ» ዛሬ ሽማግሌም ይላቸዋል። በሌላ ቃል በልኩ የማይገለጽ ነገር ስለሚገልጹ ነው።

አሁን በዓይናችን ፊት እየተካሄደ ያለ ውድድርም አለ። ማሽን እንዲያስብ የሚያደርገውን ቴክኖሎጂ መገናኛ ብዙኃን «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ይሉታል። አንዳንዱ «አስተውሎት» ለማሽን ይበዛበታል ብሎ «ልህቀት» ይላል። በአፍ ግን «ኤ አይ» ነው። ከላይ ባየነው ሚዛን ብንመዝነው «ኤ አይ» አጭር ነው፤ ከዕቃው ጋርም አብሮ መጥቷል። «አስተውሎት» ደግሞ ትምህርት ቤት፣ ዜናና መንግሥት አሉት። እኔ ብጠየቅ እንደ ድረ ገጽ ተካፍለው ይኖራሉ እላለሁ፤ አንዱ ለወረቀት፣ አንዱ ለአፍ። ተማሪዎች የቤት ሥራቸውን በምን እንደሠሩ ሲጠየቁ የሚሰጡትን መልስ ማዳመጥ ነው። «በሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው የሠራሁት» ያለ ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

መቼ ነው አንድ ቃል «ገብቷል» የሚባለው?

ማኅተም የለውም፤ ምልክቶች ግን አሉት። ጸሐፊው ትእምርተ ጥቅስ ማድረግ ሲተው አንድ ምልክት ነው። ተናጋሪው «እንትን የሚሉት አለ አይደል» ማለት ሲያቆም ሁለት። ቃሉ ሲወልድ ሌላ ምልክት ነው፤ እንደ ጋዜጣ፣ እንደ ቦተለከ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሰው ሲቀልድበት ይመስለኛል። በማያውቁት ቃል መቀለድ አይቻልም። ሰሚውም መሳቅ ያለበት ወዲያው ነው፤ ከተብራራ ቀልዱ ሞተ።

እናትየዋን ከሰማሁ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው የሜክሲኮ መስመር ስመለስ ከኋላ መቀመጫ አንድ ወጣት «ወራጅ አለ! ኮሪደሩ ጋ!» ብሎ ጮኸ። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ግራና ቀኙን አየ። ዓይን እስከሚያይ ድረስ አዲስ ንጣፍ፣ አዲስ አበባ፣ አዲስ መብራት ነው።

«የቱ ኮሪደር ጋ?» አለው።

ታክሲው በሙሉ ሳቀ።